ለወንዙ ያላዳላ ዳኛ፦ «ለወሎ ምን ፈየዱ?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ በጡረታ ስለተሰናበቱ አንድ የወሎ ተወላጅ የፌዴራል ዳኛ የተጻፈ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጽሑፉ ስማቸውን ባይጠራም የደሴ ሰው ግን ማን እንደሆኑ አይስተውም። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ዳኛው የሙያ ዘመናቸውን አብዛኛውን ክፍል አዲስ አበባ ስላሳለፉ ለወሎ የፈየዱት ነገር የለም፤ ሹመታቸው የፖለቲካ እንጂ የችሎታ አልነበረም፤ የአገራቸው ሰው ጉዳይ ይዞ ሲመጣ በራቸውን ዘግተው ወገናቸውን ክደዋል፤ በየክረምቱ እየመጡ በቅሬ (በዕድር) ስብሰባና በትምህርት ቤት ይሰጡት የነበረው የሕግ ትምህርት ለዝና ተብሎ የተደረገና ለዳኛ የማይገባ ነበር፤ በመጨረሻም ሽማግሌዎችን «ነፍስ የጠፋበት ጉዳይ በእርቅ ብቻ አይዘጋም» እያሉ በማስተማር የወሎን የእርቅ ባህል አዳክመዋል። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው፣ ሽማግሌዎች ለዳኛው ያለበሷቸው ካባ ሊመለስ ይገባል እስከማለት ደርሰዋል።

አንባቢ ሚዛኑን እንዲጠብቅ አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። እኔ ደሴ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ከዳኛው ጋር ዝምድናም ጉርብትናም የለኝም። በእሳቸው ችሎት ቆሜ የተከራከርኩበት ጉዳይ ነበር፤ ተረትቻለሁ፤ ፍርዱ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ይህን ምላሽ የምጽፈው ዳኛውን ለማወደስ ሳይሆን፣ ጽሑፉ ዳኛን የሚለካበት መለኪያ ራሱ የተጣመመ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ጸሐፊው «ወሎ ውስጥ የፌዴራል ፍርድ ቤት ስለሌለ የፌዴራል ዳኛ ለወሎ ሰው የሩቅ አገር ሹም ነው» ይላሉ። የመጀመሪያው ሐረግ እውነት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78 የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች በመላ አገሪቱ ወይም በከፊል እንዲቋቋሙ የመወሰኑን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 322 መሠረትም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በሶማሌና በያኔው የደቡብ ክልል እንዲቋቋም ሲደረግ የአማራ ክልል በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ጉዳያችን አይደለም» ማለት ግን የዚያኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 ዘሎ ማለፍ ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራሉን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የዳኝነት ሥልጣን በውክልና ይሠራሉ፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌዴራል ጉዳይ ላይ የሰጠው ውሳኔም በይግባኝ የሚሄደው ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ደሴ ወይም ወልድያ ላይ የተጀመረ መዝገብ በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ የሚያርፈው የዚያ «የሩቅ አገር ሹም» ነው።

ደግሞስ እነዚህ ጉዳዮች ምን ዓይነት ናቸው? ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዚያ የሚሠሩት ወጣቶች ከአሠሪያቸው ጋር ሲጋጩ የሚዳኙበት የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የፌዴራል ሕግ ነው። ከቃሉ፣ ከሐብሩና ከወረባቦ የወጡ ልጆቻችንን በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያም በባሕር ወደ የመን የሚያሻግረው ደላላ የሚከሰስበት የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1178 የፌዴራል ሕግ ነው። የወንጀል ሕጉም የፌዴራል ሕግ ነው። ወሎ ውስጥ ልጁን በዚህ መንገድ ያላጣ፣ ያጣ ሰውም የማያውቅ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ደላላው ምን ያህል ይቀጣ፣ የትኛው ማስረጃ ይበቃል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የመጨረሻ ፍርድ የሕግ ስሕተት ሲኖርበት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም ከባቲ እስከ ወረኢሉ ያለውን ዳኛ ሁሉ ያስገድዳል፤ ይህ አስገዳጅነት በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 454 ገብቶ በ2013ቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ጸንቷል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ2000 ዓ.ም. ሰበር ሰሚ ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ፣ እናት የሞተችበትን ልጅ ለዓመታት ያሳደገች አክስትና «አባት ነኝና ልጄን ላስተዳድር» ያለ አባት ሲከራከሩ፣ ከአባትነት መብት በፊት የልጁ ጥቅምና ደህንነት መቅደም እንዳለበት ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ወስኗል። ጉዳዩ የተነሣው ከደቡብ ነው። እኔ ግን ደሴ ላይ የሞግዚትነት ክርክር በያዝኩ ቁጥር ይህን መዝገብ እጠቅሳለሁ፤ ተቃራኒዬም ይጠቅስብኛል። የፌዴራል ዳኛ ለአንድ አካባቢ የሚሰጠው አገልግሎት መንገድ አስፋልት እንደማልበስ በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ሥራው ግን የተሠራው በዚህ ዓይነት መዝገብ ውስጥ ነው። «በስማቸው የሚጠራ አንድ ፍርድ እንኳ የለም» የሚለው ወቀሳም የሰበርን አሠራር ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል። የሰበር ውሳኔ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጥ እንጂ የአንድ ሰው ድርሰት አይደለም፤ አንድ ዳኛ በግሉ ሊታይ የሚችለው የልዩነት ሐሳብ ሲያሰፍር ነው። ዳኛው ደግሞ የልዩነት ሐሳብ ለመጻፍ የሚሰንፉ ሰው አልነበሩም። እኔን በረቱኝ መዝገብ ላይ ግን፣ በማዘን እናገራለሁ፣ ልዩነት አልጻፉም።

ሹመቱን በሚመለከት ጸሐፊው የሚያነሡት ክስ ባዶ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ነባር ዳኞች በብዛት ተሰናብተው በምትካቸው የአጭር ጊዜ ሥልጠና የወሰዱ አዳዲስ ሰዎች እንደተቀመጡ፣ ብዙዎቹም የሕግ ትምህርታቸውን ያገኙት ዘግይቶ በ1987 ዓ.ም. በተቋቋመው ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ እንደነበር የዘመኑ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዳኛው ከእነዚህ አንዱ ናቸው፤ በወረዳ ፍርድ ቤት ጀምረው፣ በዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አልፈው፣ ዲግሪያቸውን የያዙት በሥራ ላይ ሳሉ ነው። ይህን መነሻ አይቶ መጠርጠር ይቻላል። ከመነሻ ተነሥቶ ሠላሳ ዓመት ግድም የዘለቀ ሥራን መደምደም ግን አይቻልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 ጠቅላይ ሚኒስትሩ የፌዴራል ዳኞችን ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ተመርጠው የመጡለትን ነው፤ ዳኛም ጡረታ ከመድረሱ በፊት እንዳይነሣ አንቀጽ 79 ይጠብቀዋል። ሕጉ በወረቀት ላይ እንዳለው ሁሉ ሁልጊዜ ተሠርቶበታል የሚል የዋህነት የለኝም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ አዘው፣ ተከሳሹ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እንደገና መያዛቸውን እናስታውሳለን። ይህ ታሪክ የሚያሳየው ግን በዚያው ሥርዓት የተሾመ ዳኛ ሕግን ብቻ ተከትሎ ሊወስን እንደሚችል ነው። ሹመት የተሰጠበት ዘመን የዳኛውን ብይን አይጽፍም።

የጽሑፉ ልብ ያለው በሚቀጥለው ታሪክ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ጸሐፊው እንደሚተርኩት፣ ከሳይንት የመጡ አንድ አዛውንት የእህታቸው ልጅ አዲስ አበባ በሚገኝ የአባት ቤት ውርስ ላይ ከግማሽ ወንድሞቹ ጋር ሲከራከር ጉዳዩ በዳኛው ችሎት መቅረቡን ሰምተው፣ ማር በቅል ይዘው፣ «የወንዛችን ልጅ ነው» ብለው ወደ ዳኛው ቤት ይሄዳሉ። ዳኛው ለጉዳይ የመጡ መሆናቸውን ከዘበኛው እንደሰሙ ሳያስገቧቸው መልሰዋቸዋል፤ ማሩንም አልተቀበሉም። በማግሥቱም ስለ ሁኔታው ለችሎቱ ባልደረቦቻቸው አስታውቀው ከመዝገቡ ተነሥተዋል። ጸሐፊው ይህን «ከድንጋይ የከበደ ልብ» ይሉታል።

ቁጣቸው ከምን እንደመጣ ይገባኛል። ወሎ እንግዳን በር ላይ አያቆምም፤ ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ፣ ለምን እንደመጣም ሳይጠይቅ ቡና የሚያፈላ ሕዝብ ነው። ከሳይንት አዲስ አበባ ድረስ የተጓዘ አዛውንት ውኃ ሳይጠጣ ሲመለስ መስማት ያማል። ዘበኛው የተናገሩበት አነጋገር ጽሑፉ እንደሚለው ከሆነ፣ ክብር የጎደለው ነበር ለማለት አላመነታም፤ «ጉዳይዎ በፍርድ ቤት ነው የሚታየው» የሚለውን ቃል በለዘበ አንደበት መናገር ይቻል ነበር። ነገር ግን ጉዳይ ያለው ሰው ለዳኛ እንግዳ አይደለም፤ ተከራካሪ ነው። በ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1234 እስኪተካ ድረስ በሥራ ላይ በነበረው አዋጅ ቁጥር 25/1988 አንቀጽ 27 መሠረት ዳኛ ከተከራካሪ ወገን ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው፣ ጉዳዩን ቀድሞ በዳኝነት ወይም በአስታራቂነት አይቶት ከሆነ፣ ወይም ትክክለኛ ፍርድ እንዳይሰጥ የሚያደርግ ሌላ በቂ ምክንያት ካለ ከችሎት መነሣት ግዴታው ነበር። ይህን ያላደረገ ዳኛ ፍርዱ ምንም ያህል የቀና ቢሆን እንኳ በይግባኝ የሚሻርበትን ቀዳዳ ራሱ ከፍቷል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ጸሐፊው አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ማለፋቸው ነው፦ ያኛው ተከራካሪ ወገን ማን ነበር? መልሱ በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ አለ። ክርክሩ በአንድ አባት ልጆች መካከል ነው። እነዚያ ግማሽ ወንድሞችም የዚያው የሳይንት ተወላጅ አባት ልጆች፣ እንደ እህት ልጁ ሁሉ ወሎዬ ናቸው። ዳኛው ለአዛውንቱ ቢያዳሉ ኖሮ የሚክዱት ወገን ማን ሊሆን ነበር? «ወገን» የሚለው ክርክር ሁልጊዜ የሚቀርበው ቤት ድረስ መምጣት በቻለው ሰው በኩል ነው፤ ያልመጣው፣ አጎት የሌለው፣ ማር የሌለው ወገን አይቆጠርም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን ብዙ ሹማምንትን አሳስቷል፤ ጸሐፊው ግን ይህንኑ ተረት እንደ መልካም ሥነ ምግባር አንሥተው፣ ላለመብላቱ ዳኛውን ሲከሱ ማየት እንግዳ ነው።

አዛውንቱ በእውነት የሚያስፈልጋቸው ምን ነበር? የእህታቸው ልጅ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ከሆነ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በደሃ ደንብ ክሱን ማቅረብ እንደሚችል፣ በሥር ፍርድ ቤት ከተረታ ይግባኙን በስልሳ ቀን ውስጥ ማስገባት እንዳለበት፣ የፍርድ ግልባጭ ከየት እንደሚወጣ የሚነግራቸው ሰው ነበር። ይህን የሚነግራቸው ሰው እዚሁ ወሎ ቢያገኙ ኖሮ በሬ ሸጠው አዲስ አበባ ባልወረዱ ነበር። እዚህ ላይ ነው የጽሑፉ ሁለት ክሶች እርስ በርሳቸው የሚፋጩት፤ ምክንያቱም ዳኛው ፍርድ ቤቶች በክረምት በከፊል ሲዘጉ ወደ ትውልድ ቀያቸው እየመጡ ያስተምሩ የነበረው ይህንኑ ነው። ጸሐፊው ግን ዳኛው አልረዱም ብለው ከወቀሱ በኋላ፣ በሚቀጥለው ገጽ ለምን ረዱ ብለው ይወቅሳሉ።

በቅሬ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ። ንግግራቸው ደረቅ ነው፤ ቀልድ የለውም፤ አንዳንዴም ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ እየዘለሉ አድማጭን ያሰለቻሉ። ስለ ኑዛዜ የሰጡትን ትምህርት ግን የሰማው ሰው ዛሬም ያወራዋል። በአገራችን ሰው ሊሞት ሲል ሽማግሌ ሰብስቦ ይናዘዛል፤ አንድ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው በወረቀት ያሰፍረዋል፤ የተገኘው ሁሉ ይፈርማል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 881 ግን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡና ቀኑም በኑዛዜው ላይ ካልተጻፈ ፈራሽ ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ ብቻ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። «በፊታችን ተነቧል» የምትል አንዲት መስመር በመጉደሏ የተበተነ ቤተሰብ ስንት ነው! እኔ ራሴ በዚህች መስመር አሸንፌበታለሁ፤ ባሸንፍም የሟች ቃል ምን እንደነበር እያወቅሁ በሥርዓት ጉድለት መርታት ደስ አላሰኘኝም። ዳኛው ይህን ለቅሬ ሰዎች ሲያስረዱ የአንድም ሰው ጉዳይ አልያዙም፣ የአንድም ሰው ሰነድ አላዩም። ጉዳዩን ዘርዝሮ የጠየቀ ሲኖር «ይህን ለጠበቃ ወይም ለዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት» ይሉ ነበር።

ይህ ለዳኛ የተከለከለ ነው? እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውና የብዙ አገሮች የዳኞች ሥነ ምግባር ደንብ የሚጠቅሰው የባንጋሎር መርሆዎች ሰነድ፣ የዳኝነት ሥራውን እስካላወከ ድረስ ዳኛ ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ አስተዳደር ሊጽፍ፣ ሊያስተምር፣ ንግግር ሊያደርግ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። የሚከለክለው ዳኛ በጥብቅና እንዳይሠራ፣ የሹመቱንም ክብር ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው የግል ጥቅም እንዳያውል ነው። ጸሐፊው ሊነቅፉ ቢፈልጉ የሚነቀፍ ነገር ሌላ ቦታ ያገኙ ነበር፤ ለምሳሌ ዳኛ ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ ከነጋዴ ገንዘብ የሚሰበስብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቢሆን፣ ነገ በችሎቱ ሊቆም ከሚችል ሰው ዛሬ እጁን ዘርግቶ ይለምናል ማለት ነውና እኔም ከጸሐፊው ጎን እቆም ነበር። ዳኛው ግን በ2014ቱ ጦርነት የተጎዱ ትምህርት ቤቶች ሲጠገኑ ለሰብሳቢነት ተለምነው እምቢ ብለዋል። ይህንንም ጽሑፉ «ለወገን ችግር ጀርባ ሰጡ» ብሎ ነው ያቀረበው። መጽሐፍ ሰጥተዋል፤ የራሳቸውን ገንዘብ እንደ ማንም ሰው አዋጥተዋል፤ የሌላውን ሰው ኪስ አልጠየቁም።

«ዳኛው የእርቅ ባህላችንን አዳከሙ» የሚለው ነጥብ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የሚከላከሉት ነገር በእውነት ውድ ነው። በወሎ ልዩ ልዩ ወረዳዎች አበጋሮች፣ በራያ ቆቦ ደግሞ ዘወልዶች፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይሉ በደም የሚፈላለጉ ቤተሰቦችን አስቀምጠው ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። ፍርድ ቤት ገዳይን አሥራ አምስት ዓመት ቢያስር የሟች ወንድም ቂሙን አይተውም፤ የገዳይ ወንድምም ገበያ መውጣት አይችልም። ደሙ ካልደረቀ ፍርዱ ግማሽ ነው። ይህን ጠበቃም ዳኛም ያውቃል።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው እርቁ ይበቃል፤ መንግሥት ምን አገባው?» ሲሉ ግን መንገዳችን ይለያያል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ በሃይማኖትና በባህል ሕግ መዳኘት እንደሚቻል የሚናገረው ስለ ግልና ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። የወንጀል ሕጉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎችን ለይቷል፤ በእነዚያ ተበዳዩ ከታረቀ ክሱ ይቆማል። ነፍስ ማጥፋት ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ የሟች ቤተሰብ ይቅር ቢልም ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው። ዳኛው ለሽማግሌዎቹ ያስረዱት ይህን ነው። ጽሑፉ ቆርጦ ያስቀረው ሁለተኛው የንግግራቸው ክፍል ግን እርቁን ከፍ የሚያደርግ ነበር፦ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተ፣ እጁን የሰጠ፣ ተበዳዩን የረዳ ወይም በተቻለው መጠን የካሰ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ስለዚህ የሽማግሌዎች እርቅ በወረቀት ሰፍሮ፣ ካሣው ተጽፎ፣ ለፍርድ ቤት ሲቀርብ ዋጋ አለው። ሽማግሌው ገዳዩን ጫካ ደብቆ ሲያስታርቅና እጁን አሰጥቶ ሲያስታርቅ በሕግ ፊት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ይህን ማስተማር እርቅን ማዳከም ከተባለ እኔ ቃሉ ያልገባኝ ሰው ነኝ።

ደግሞም በእርቁ ሥፍራ ያልተቀመጠች አንዲት ሰው አለች። እርቅን ለማጽናት በሁለቱ ወገኖች መካከል ጋብቻ ሲመሠረት፣ የምትዳረው ልጅ ዕድሜዋና ፈቃዷ ሲጠየቅ የት ታይቷል? የፌዴራሉም የክልላችንም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገዋል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ የሚያገባውን ሰው፣ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። አንዳንድ አረጋውያን ደግሞ የሚያስታውሱት የ1949ኙን ሕግ ነው፤ በዚያ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ይህ ድንጋጌ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በየቀበሌው ግን «ካገባት ምን ክስ አለ?» የሚል ሽማግሌ ዛሬም አጋጥሞኛል። ዳኛው በአንድ የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ይህን ሲያነሡ ቤቱ ተንጫጭቶ እንደነበር ጸሐፊው በወቀሳ መልክ ጽፈዋል። መንጫጫቱ እውነት ነው፤ ነበርኩ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ እናቶች ግን ከሚንጫጩት መካከል አልነበሩም፤ ስብሰባው ሲበተን ዳኛውን ከበው ጥያቄ የጠየቁትም እነሱ ናቸው። ጸሐፊው የወሎ ባህል ሲሉ የእነዚህን እናቶች ድምፅ ጨምረው እንደሆነ ከጽሑፋቸው ማወቅ አልቻልኩም።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እተውላቸዋለሁ። ዳኛው ከጡረታ በኋላ በሁለት ነጋዴዎች መካከል በገላጋይነት መቀመጣቸውን ጽሑፉ እንደ ጥፋት ያነሣል። ሰው ከሹመት ሲወርድ የማስታረቅና የመገላገል ሥራ አይከለከልም፤ የ2013ቱ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237ም በሩን ክፍት አድርጎታል። ሆኖም ትናንት ችሎት ላይ የነበረ ሰው ዛሬ ገላጋይ ሆኖ ሲቀመጥ በሁለቱም ወገኖች ነጻ ፈቃድ መመረጡ ለሕዝብ ግልጽ ቢሆን ሐሜቱ ባልተነሣም ነበር።

ስለ ዳኛው ቤትና መኪና የተጻፈው አንቀጽ መልስ አያሻውም። ቤቱ አሮጌ ነው፤ መኪናውም ከቤቱ አይሻልም።

የካባው ጉዳይ የሽማግሌዎቹ ነው። ያለበሱት እነሱ ናቸውና ይመለስ የሚሉም ከሆነ ራሳቸው ይናገሩ። ጸሐፊው ግን በጽሑፋቸው መደምደሚያ ላይ ዳኛው «ለባለሀብት አዳልተው እንደፈረዱ የሚያውቅ ያውቀዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር አስፍረዋል፤ ይህ ሐሜት ሳይሆን ከባድ ክስ ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ የተከራካሪዎች ስም አለው፤ ፍርዱም በችሎት የተነበበ ነው። በሥራ ላይ ሳሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የማንንም አቤቱታ ይቀበል ነበር፤ የሰበር ውሳኔዎቹም በየቅጹ ታትመው በእጅ የሚገኙ ናቸው። ጸሐፊው የሚያውቁትን መዝገብ ቁጥሩን ይጥቀሱልን። እኔ መዝገቡን አስወጥቼ፣ የዳኛው ስሕተት ሆኖ ካገኘሁት፣ በእኔ ላይ የፈረዱትን ፍርድ ጨምሬ ለመተቸት ዝግጁ ነኝ።